የብጉር አፈጣጠር፦ ከተደፈነች ቀዳዳ እስከ ጠባሳ

በጉርምስና ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ወጣቶች መካከል ፊቱ ላይ አንድም ብጉር ወጥቶበት የማያውቅ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም አቀፍ ደረጃ የበሽታዎችን ጫና ለመለካት የተካሄደው ጥናት ብጉርን በሥርጭቱ ስፋት ከበሽታዎች ሁሉ በስምንተኛ ደረጃ አስቀምጦታል። በዚያው ስሌት መሠረት ከዓለም ሕዝብ 9.4 በመቶ ያህሉ ችግሩ ነበረበት። ይህ አኃዝ የተገኘው ሕፃናትና አረጋውያን ጭምር ተቆጥረው ነው፤ ወጣቶች ብቻ ቢቆጠሩ ኖሮ አኃዙ በብዙ እጥፍ ከፍ ይል ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል የተስፋፋ ነገር የዚያኑ ያህል በትክክል የታወቀ አይደለም። ብጉር የወጣበት ተማሪ ከጓደኛ፣ ከጎረቤትና ከመዋቢያ ሻጭ የሚጎርፍለት ምክር ብዙ ነው። ፊትህን ደጋግመህ ታጠብ፣ ሎሚ እሸው፣ የጥርስ ሳሙና ቀብተህ እደር፣ ጨምቀህ አውጣው ይባላል። ከእነዚህ ምክሮች ሁሉ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ አንድ ነው፤ ብጉር ቆሻሻ ነው፣ ስለዚህም ታጥቦ ወይም ተጨምቆ መውጣት አለበት የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ነገሩ ከዚህ የተለየ መሆኑን ነው። ብጉር ከቆዳ ሥር፣ በአንዲት እጅግ ጠባብ ቱቦ ውስጥ የሚከናወን ጉዳይ ነው። የትኛው ዓይነት ብጉር እንደሚወጣ፣ ጠባሳ ትቶ ያልፍ ወይም ሳይተው ያልፍ እንደሆነ በአብዛኛው የሚወስነው ይህች ቱቦ መደፈኗ ብቻ ሳይሆን ግድግዳዋ መቀደዱና የተቀደደበት ጥልቀት ነው። የፊዚክስ ሰዎች በቆዳ ጉዳይ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ስለ ቱቦ፣ ስለ ግፊትና ስለ ብርሃን ሲነሣ ዝም ማለት እንደማይሆንልን ይረዳልን።

ቱቦዋና ወዙ

ከእጅ መዳፍና ከእግር ጫማ በስተቀር መላው ቆዳችን ማለት ይቻላል ፀጉር የሚበቅልባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ጎን ደግሞ ወዝ የሚያመነጭ ዕጢ ተጣብቆ ይገኛል። ወዝ ስንል ፊትን የሚያብለጨልጨውን፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ቅባት ማለታችን ነው። ይህ ቅባት ከዕጢው ወጥቶ በፀጉሩ ዙሪያ ባለችው ቱቦ ሽቅብ ይጓዝና ቆዳው ላይ ይፈስሳል። በፊት፣ በደረትና በላይኛው የጀርባ ክፍል ላይ የሚገኙት ዕጢዎች ከሌላው አካል ይልቅ ብዙና ትልልቅ ናቸው፤ ብጉር እነዚህን ቦታዎች የሚመርጠውም ስለዚህ ነው። ጉንጭና ግንባር ላይ ያለው ፀጉር በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ቀጭን ሲሆን፣ ከጎኑ ያለው ዕጢ ግን ከፀጉሩ ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ነው።

ዕጢው በልጅነት ዘመን እንደተኛ ይቆያል። የሚቀሰቅሱት በጉርምስና ጊዜ የሚጨምሩት፣ አንድሮጅን በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት ሆርሞኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ብጉር እንደማይወጣባቸው፣ ቴስቶስቴሮን ሲሰጣቸው ግን ሊወጣባቸው እንደሚችል አሳይቷል። እነዚህ ሆርሞኖች መጠናቸው ይለያይ እንጂ በሴቶችም ሰውነት ውስጥ ይገኛሉ። በተጨማሪም የወዝ ዕጢው ራሱ ቴስቶስቴሮንን ይበልጥ ኃይለኛ ወደሆነ ሆርሞን የመለወጥ ችሎታ አለው። በመሆኑም በደም ውስጥ ያለው የሆርሞን መጠን ጤናማ ሆኖ ሳለ ብጉር የሚበዛበት ሰው ቢኖር አያስደንቅም።

ወዝ መብዛቱ ብቻውን ግን ብጉር አያወጣም። የቱቦዋን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎች እንደማንኛውም የቆዳ ሴል እያረጁ ይረግፋሉ፤ በጤናማ ሁኔታ እየተነጣጠሉ ከወዙ ጋር ተጠርገው ይወጣሉ። ብጉር በሚጀምርበት ቱቦ ውስጥ ግን ሴሎቹ ከተለመደው በላይ ይራባሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይጣበቃሉ። ከወዙ ጋር ተለውሰው ውታፍ ይሠራሉ። ይህ የመጀመሪያው ውታፍ በዓይን አይታይም፤ አድጎ እስኪታይም ሳምንታት ይወስዳል። ዛሬ ጠዋት በመስታወት የታየው ብጉር ሥራውን የጀመረው ባለፈው ወር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትናንት ማታ በተበላ ምግብ ላይ የሚያማርር ሰው ይህን ልብ ቢል መልካም ነው።

በቱቦዋ ውስጥ አንድ ነዋሪም አለ። ክዩቲባክቴሪየም አክኒስ ይባላል፤ እስከ 2016 ድረስ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኒስ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ኦክስጅን በሌለበት የሚመቸው፣ ወዝ እየተመገበ የሚኖር ባክቴሪያ ሲሆን፣ ጥርት ያለ ፊት ባላቸው ሰዎች ቆዳ ላይም በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ብጉር ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ፖርፊሪን የተባሉ ውሁዶችን ያመርታል፤ እነዚህም አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ብርቱካናማ ቀይ ብርሃን ይረጫሉ። ለዚህ ምርመራ የሚያገለግለው መብራት የተሰየመው በእኛው ሙያ ሰው፣ በአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ በሮበርት ዊሊያምስ ውድ ነው። ውድ እ.ኤ.አ. በ1903 የሚታየውን ብርሃን አግዶ አልትራቫዮሌቱን የሚያሳልፍ መስታወት ሲሠራ ስለ ብጉር ያሰበ አይመስለንም። ዛሬ ግን በጨለማ ክፍል ውስጥ ይህ መብራት ወዛም ፊት ላይ ሲበራ የአፍንጫ ዙሪያ ቀዳዳዎች እንደ ፍም ሲያበሩ ይታያሉ።

ነጩ፣ ጥቁሩና ያበጠው

ውታፉ ሲያድግና የቱቦዋ አፍ ግን ጠባብ እንደሆነ ሲቀር፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ የቆዳን ቀለም የያዘ ወይም ነጣ ያለ ትንሽ ጉብታ ይፈጠራል። ይህን ድፍን ብጉር እንበለው። የሚነጣበት ምክንያት በውስጡ ነጭ ቀለም ስላለ አይደለም። በወዝና በረገፉ ሴሎች ቅልቅል ውስጥ ብርሃን ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው እየተላተመ ስለሚበተን፣ የተበተነውም ሁሉንም የቀለም ዓይነቶች በአንድነት ስለሚይዝ ነው። አንድ ትልቅ የጨው ክሪስታል ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ሳለ ሲፈጭ የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቱቦዋ አፍ በውታፉ ተለጥጦ ሲከፈት ደግሞ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ስለ ብጉር ከሚነገሩ የተሳሳቱ ሐሳቦች ሁሉ ሥር የሰደደው ይህን ነጥብ ቆሻሻ አድርጎ ማየት ይመስለናል። ጥቁረቱ በዋነኛነት የሚመጣው ከሜላኒን፣ ማለትም ለቆዳችንና ለፀጉራችን ቀለም ከሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው፤ አየር ያገኘው የውታፉ ጫፍ ከኦክስጅን ጋር መዋሐዱም አስተዋጽኦ አለው። አቧራ አይደለም፤ ሳሙናም አያስለቅቀውም። በቀን ስድስት ጊዜ ፊቱን የሚፈትግ ሰው ውጤቱ ቆዳውን ማስቆጣት ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ መልኩ የሚያስጠላው ይህ ጥቁር ነጥብ ከሁሉም ዓይነት ይበልጥ ሰላማዊው መሆኑ ነው። አፉ ክፍት ስለሆነ ይዘቱ የሚወጣበት መንገድ አለው፤ እምብዛም አያብጥም። አደገኛው ጎልቶ የማይታየው ድፍኑ ነው።

ድፍኑ ብጉር መውጫ የለውም። ዕጢው ከታች ወዝ መግፋቱን ይቀጥላል፤ ሴሎቹም ይከማቻሉ። እዚህ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያውቁትን ፊኛ እናስታውስ። አንድ ሲሊንደር በሚመስል ዕቃ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ውጥረት በውስጡ ካለው ግፊትና ከሬዲየሱ ብዜት ጋር ይጨምራል፣ ግድግዳው በወፈረ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። ቱቦዋ እያበጠች ስትሄድ ሬዲየሷ ይሰፋል፣ ግድግዳዋ ይሳሳል፤ ሁለቱም ውጥረቱን የሚያባብሱ ናቸው። በዚህ ላይ የሰውነት የመከላከያ ሴሎች የሚለቋቸው ኬሚካሎች ግድግዳውን ከውጭ በኩል ያዳክሙታል። የቆየው ትምህርት ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ተቆጥቶ የሚያመጣው እብጠትና ትኩሳት፣ የሚጀምረው ከመደፈን በኋላ ነው ይል ነበር። ከ2003 ወዲህ የታተሙ ጥናቶች ግን ብግነቱ ውታፉ ከመታየቱም በፊት በቱቦዋ ዙሪያ መጀመሩን አሳይተዋል።

ግድግዳው ከላይ በኩል ጥቂት ሲያፈስስ ትንሽ የምታም እባጭ ትወጣለች። ነጭ የደም ሴሎች ተሰብስበው መግል ሲሠሩ ጫፏ ቢጫ ወይም ነጭ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይከስማሉ። ቱቦዋ ጠለቅ ካለ ቦታ ላይ ስትፈነዳ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወዙ፣ ባክቴሪያውና የፀጉሩ ስባሪ በመካከለኛው የቆዳ ክፍል ውስጥ ይፈስሳሉ፤ ሰውነት እነዚህን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋቸዋል። ውጤቱ ከአምስት ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ ሲነካ የሚጠጥርና በጣም የሚያም ጥልቅ እባጭ ነው። ለወራት ሊቆይ ይችላል። መካከለኛው ክፍል ቆዳን አጽንተው የሚይዙት የኮላጅን ክሮች የሚገኙበት ስለሆነ፣ በዚያ የደረሰ ጉዳት ጎድጎድ ያለ ወይም የተነረተ ጠባሳ ትቶ ያልፋል።

የውጭ መጻሕፍት ያበጠ ብጉርን ቀይ ነው ብለው ይገልጹታል። ይህ መግለጫ ነጭ ቆዳን እያዩ የተጻፈ ነው። እንደ እኛ ባለ ቆዳ ላይ ያው የደም መሰብሰብ በሜላኒኑ ተሸፍኖ ወይን ጠጅ ወይም ከአካባቢው ጠቆር ያለ መስሎ ነው የሚታየው። ቅላት ስላላየ ብቻ ብግነት የለም ብሎ የሚዘናጋ ሰው ይሳሳታል።

ሁለት ጣትና የፓስካል ሕግ

ብጉርን መጨመቅ ጠባሳ ያመጣል ሲባል የሽማግሌ ተግሣጽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። ሁለት ጣቶች ብጉሩን ከግራና ከቀኝ ሲጫኑት በእያንዳንዱ በኩል የሚያርፈው ኃይል የአንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል፣ ማለትም ወደ 10 ኒውተን ነው እንበል፤ የሚያርፍበት ስፋትም አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሁን። ግፊቱ 100,000 ፓስካል ይሆናል። ይህም አዲስ አበባ ላይ ካለው የከባቢ አየር ግፊት፣ ማለትም ከ77,000 ፓስካል ገደማ ይበልጣል፤ ጤናማ የሆነ ሰው ልብ ደም ሲረጭ ከሚደርስበት የደም ግፊትም ስድስት እጥፍ ያህል ነው። በጥፍር ጫፍ ከሆነ ስፋቱ ስለሚያንስ ግፊቱ ከዚህም በብዙ ይልቃል።

ፓስካል እንዳስተማረው ታሽጎ በተያዘ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። የብጉር ይዘት ፍጹም ፈሳሽ ባይሆንም ሕጉን በተቀራረበ ሁኔታ ይከተላል። ጨማቂው ይዘቱ ወደ ላይ ብቻ እንዲወጣ ቢመኝም ግፊቱ ምኞቱን አያውቅም፤ የሚፈልገው ደካማውን ግድግዳ ነው። የተለጠጠው የቱቦ ግድግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ቆዳ ይልቅ ደካማ ነው። በመስታወት ፊት ለፊት የወጣችው ጠብታ መግል ትታያለች፤ ወደ ውስጥ የተረጨው አይታይም። በማግስቱ እባጩ ሰፍቶና ጠልቆ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የሚቀረው ጥላ

አብዛኞቹ ተማሪዎች ከብጉሩ ይልቅ የሚያሳስባቸው ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ነው፤ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ከመናገር እስከመቆጠብ የሚያደርስም አለ። ይህ ምልክት ጠባሳ አይደለም። የቆዳው ቅርጽ አልተለወጠም፤ ብግነቱ ሜላኒን አምራች ሴሎችን ስላስቆጣቸው የተረፈ ቀለም ነው። ሜላኒኑ በላይኛው የቆዳ ክፍል ብቻ ከቆየ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ በወራት ውስጥም ይደበዝዛል። ወደ ጥልቁ ከወረደ ግን ግራጫ ወይም ሰማያዊ የተቀላቀለበት ይመስላል። ሜላኒኑ ያው ቡናማው ሜላኒን ሆኖ ሳለ እንዲህ የሚታየው አጫጭር የብርሃን ሞገዶች ወደ ጥልቁ ሳይደርሱ በላዩ ባለው ቆዳ ተበትነው ስለሚመለሱ፣ ረዣዥሞቹ ግን ሠርገው ገብተው ስለሚዋጡ ነው። ሰማይን ሰማያዊ ከሚያደርገው ክስተት ጋር ዝምድና አለው። እንዲህ ያለው ምልክት ለመጥፋት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ምልክቱን ለማጥፋት ሲባል የሚደረገው ነገር ነው ብዙዎችን የሚጎዳው። በአገራችንም ሆነ በሌሎች አገሮች ፊት ማንጫ ወይም ብጉር ማጥፊያ እየተባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ቤታሜታዞንን ወይም ክሎቤታሶልን የመሰሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶችን ይይዛሉ። ስቴሮይድ ብግነትን ያበርዳል፣ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቱ ጠርቶ ይታያል። ገዢውም ይደሰታል፣ ለጓደኛውም ይነግራል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ የቱቦዎቹም ግድግዳ አብሮ ይዳከማል፤ መጠናቸው እኩል የሆነ ጥቃቅን እባጮች በአንድ ጊዜ ፊትን ይሞሉታል። ሲያቆሙት ይብሳል፣ ሲቀጥሉት ቆዳው ይበልጥ ይሳሳል። ሌሎች ማንጫዎች ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከአንድ ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ያገደውም ለዚህ ነው። ፈቃደኛ ሐኪም ያላየው ማንጫ ፊት ላይ መዋል የለበትም ብለን በግልጽ እንናገራለን።

ሎሚም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል የዋህ አይደለም። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ሲሆን የቆዳችን 5 ገደማ ነው። መለኪያው ሎጋሪዝማዊ ስለሆነ ልዩነቱ ሦስት ሳይሆን አንድ ሺህ እጥፍ ነው። የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ብግነት ያመጣል፤ ብግነት ደግሞ ያንኑ ጥቁር ምልክት ይወልዳል። ፀጉር ላይ የሚደረግ ወፍራም ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድም ቀዳዳዎችን ሊደፍን ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የፖማድ ብጉር በሚል ስም በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ቅቤ የሚቀቡም ግንባራቸውን መጥረግ ቢለምዱ አይጎዱም።

ምግብን በተመለከተ ክርክሩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በ65 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ቸኮሌትን ነጻ አውጥቶት ነበር፤ ነገር ግን ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ከረሜላም በስኳርና በስብ የተሞላ ስለነበር ሙከራው ብዙ የሚያስረዳ አልነበረም። በ2002 የታተመ ጥናት በፓፑዋ ኒው ጊኒ የኪታቫ ደሴት ከተመረመሩ 1,200 ሰዎችና በፓራጓይ ከተመረመሩ 115 የአቼ ሰዎች መካከል አንድም ብጉር ያለበት አላገኘም። ሁለቱም ሕዝቦች የፋብሪካ ስኳርና ዱቄት እምብዛም አይመገቡም ነበር። በ2007 በአውስትራሊያ 43 ወጣት ወንዶች ላይ የተደረገ ሙከራም የደም ስኳርን ቀስ እያለ የሚያሳድግ አመጋገብ ለ12 ሳምንታት የተከተሉት ብጉራቸው ይበልጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ መቀነስ ምክንያት አለው። ከዚህ ጎን ለጎን በእንግሊዝ መንታ ሴቶች ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት፣ ሰዎች በብጉር ብዛት ከሚለያዩበት ልዩነት 81 በመቶው በዘር ውርስ እንደሚገለጽ ገምቷል። ወላጆቹ በጠባሳ የተጎዱ ወጣት ሳይዘገይ ሐኪም ቢያይ ይሻለዋል።

ሕክምናው እያንዳንዱን የሂደቱን ደረጃ ለይቶ የሚመታ ነው። ከቫይታሚን ኤ የሚገኙት እንደ ትሬቲኖይንና አዳፓሊን ያሉት ቅባቶች ሴሎቹ እንዳይጣበቁ በማድረግ ውታፉን ይፈታሉ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ኦክስጅን ለቅቆ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው በውጤት እንደማያንስና ቆዳንም ይበልጥ እንደማያስቆጣ ታውቋል። አንቲባዮቲክ ብቻውን ለረጅም ጊዜ መጠቀም መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያፈራል። ለከባድና ጠባሳ ለሚተው ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ከ1982 ጀምሮ በአሜሪካ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ዕጢውን ራሱን ያኮማትራል። ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ግን ያለ ሐኪም ክትትል ፈጽሞ አይወሰድም። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለማደስ አራት ሳምንት ገደማ ስለሚያስፈልገው፣ ከእነዚህ የሚቀቡ መድኃኒቶች የአንዱንም ውጤት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይጠብቁ መፍረድ አይቻልም። በሳምንቱ መድኃኒት የሚለዋውጥ ሰው የትኛውንም አልሞከረም።

በመጨረሻ ስለ ብርሃን እናንሣ። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ፖርፊሪኖች 415 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን አጥብቀው ይውጣሉ፤ ሲውጡም ባክቴሪያውን የሚገድል ኃይለኛ ኦክስጅን ይፈጠራል። በዚህ መርህ የተሠሩ የብጉር መብራቶች በየአገሩ ይሸጣሉ። ነገር ግን በ2010 የታተመ ጥናት የሚታየው ብርሃን ጠቆር ያለ ቆዳን ለረጅም ጊዜ እንደሚያጠቁር አሳየ። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህን የሚያደርገው በተለይ ያው 415 ናኖ ሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን እንጂ ቀዩ አለመሆኑን ለየ። ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ የተመሰገነው መሣሪያ ጠቆር ባለ ፊት ላይ ባክቴሪያውን እየገደለ ምልክቱን ሊያደምቅ ይችላል ማለት ነው። ቀለም የሌለው የተለመደ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አልትራቫዮሌቱን እንጂ ይህን ሰማያዊ ብርሃን በበቂ አያግድም፤ የሚያግደው የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ ቡናማ ቀለም ያለው ነው። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ ለሚጓዝ ተማሪ ሰፋ ያለ ጥላ ያለው ባርኔጣ ሁለቱንም ያግዳል፤ ዋጋውም ከቅባቱ ይረክሳል።